የኩርሙክ ውጤት በየት በኩል ይሂድ?

አሶሳ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1998 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ አስረሳሽ፣ ኩርሙክ

እትዬ፣ የኩርሙክ ሙቀት እንዴት ይዞዎታል? እኔ ደህና ነኝ፤ ወባ ከተወችኝም ዓመት አልፏል። ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ እሱን ስለሆነ አስቀድሜ ነገርኩዎት። ምሳም እበላለሁ። እናቴ ወርቂቱ ከባምባሲ ሰላም ብላለች፤ «ልጄ ተማሪ ሳለ በትኩሳት ሲቃጠል ያስታመመችልኝን ነርስ እንዳትረሳት» ትላለች በየጊዜው። እንዴት እረሳለሁ?

በሾፌሩ በበቃሉ እጅ የላኩልኝ ወረቀት ደርሶኛል። «የሰው አክታ ወደ አሶሳ ልኬ ውጤቱ በሃያ ሦስት ቀኑ የሚመጣው በእግሩ ነው እንዴ?» ብለዋል። ቁጣዎ ልክ ነው፤ ላቦራቶሪው ግን አልዘገየም። ናሙናው እዚህ በደረሰ በሁለተኛው ቀን ይታያል፣ ውጤቱም ያኔውኑ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል። የቀረው ቀን ሁሉ ወረቀቱ የክትባት መኪና የሚጠብቅበት ነው።

ደስ የሚል ወሬ ግን አለኝ። በወረዳችሁ አስተዳደር ግቢ የተተከለው የሳተላይት ሳህን ከሠራ፣ ውጤቱን እዚያው ቁጭ ብለው በኢንተርኔት ማየት ይችላሉ። አለቃዬ አቶ ምንያህል መንገዱን አጥንቼ እንድመርጥ ለእኔ ሰጥተውኛል። እርስዎ ደግሞ ተጠቃሚዋ ስለሆኑ ሳልጠይቅዎት መወሰን አልፈለግሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የላቦራቶሪው ኮምፒውተሮች እርስ በርሳቸው ብቻ ነው የሚነጋገሩት፤ ከውጭ ማንም አይገባባቸውም። ውጤቱ ያለው ከመካከላቸው በአንዷ ላይ ነው። ከውጭ የመጣውን ጠያቂ ወደሷ ማድረሻ ሦስት መንገድ አግኝቻለሁ። አንደኛው፣ የኢንተርኔቱ መስመር ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኛትን ዕቃ «ማንም ቢመጣ በቀጥታ ወደ ውጤቷ ኮምፒውተር ውሰጂው» ብሎ ማዘዝ ነው። አንድ ሰዓት አይፈጅም። ሁለተኛው፣ በየጤና ጣቢያው ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራምና ቁልፍ ጭኖ በኢንተርኔቱ ውስጥ ዝግ መንገድ መሥራት ነው። በዚያ የገባ ሰው እዚህ ላቦራቶሪ ውስጥ እንደተቀመጠ ይቆጠራል፤ ሁሉንም ያያል። ሦስተኛው፣ ከላቦራቶሪው ደጅ ሌላ ኮምፒውተር ማስቀመጥ ነው። የውጭ ሰው የሚደርሰው እሷ ጋ ብቻ ይሆናል። ማንነቱን ትጠይቀዋለች፣ ወደ ውስጥ ገብታ የተፈቀደለትን ገጽ ብቻ ታመጣለታለች። ይህኛው ግን ሳምንታት ይፈልጋል፣ ትርፍ ኮምፒውተርም ይፈልጋል።

የትኛው ይሻላል ይላሉ? በሚመጣው መኪና ይጻፉልኝ። ለምን በኢሜይል እንደማልጠይቅዎት እያሰቡ ከሆነ፣ እርስዎ ኢሜይል ስለማይከፍቱ ነው።

አክባሪዎ ዱሬሳ


ኩርሙክ፣ ጥቅምት 27 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለዱሬሳ፣

ምሳ እበላለሁ ያልከውን በቃሉን ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ዳቦና ሻይ ምሳ አይባልም። ለእናትህ ለወርቂቱ ግን ልጅሽ ይበላል ብዬ ልኬባታለሁ፤ በአንተ ምክንያት ዋሸሁ።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ኮምፒውተሩን ባላውቀውም ሰው ስለሚገባበትና ስለሚወጣበት ነገር ትንሽ አውቃለሁ፤ ስለዚህ የመሰለኝን ልንገርህ።

የመጀመሪያውን ተወው። ማንም ቢመጣ ወደ ውስጥ ውሰጂው የምትባል ዘበኛ ለምን ትቀጠራለች?

ሁለተኛው ደህና መስሎኝ ነበር፣ ቁልፍ አለው ስላልክ። ኋላ ግን አሰብኩበት። እኔ ወደዚህ ክልል የመጣሁት ገና ሲቋቋም፣ በ1987 ነው። «ቢሮሽ ይኸው» ብለው ያሳዩኝ የዛፍ ጥላ ነበር። ከዚያ ወዲህ አምስት ቦታ ተዛውሬያለሁ። ከያንዳንዱ ቦታ ስነሳ የመድኃኒት ቁም ሣጥኑን ቁልፍ ቆጥሬ፣ አስፈርሜ አስረክቤያለሁ። የአንተን ቁልፍ ማን ይረከበዋል? ኮምፒውተሩ ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል። ከእኔ በኋላ በወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሁሉ፣ የወረዳው ወጣቶች ፊልም ሊያዩ ሲመጡም ጭምር፣ የክልሉን በሽተኛ ሁሉ ስም ያያሉ ማለት ነው። እኔ ራሴስ የባምባሲን በሽተኛ ለምን አያለሁ?

ስለዚህ ሦስተኛዋን አስቀምጥልኝ። ሳምንታት ቢፈጅ ይፍጅ፤ ሃያ ሦስት ቀን መጠበቅ ለምደናል። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ያቺ የደጇ ኮምፒውተር ስም ለምን ታመጣለች? የበሽተኛው ስም እዚህ እኔ መዝገብ ላይ በእጄ ተጽፏል። «ቁጥር አርባ አንድ፣ ተገኘበት» ወይም «አልተገኘበትም» ብትለኝ ይበቃኛል።

ይህን ያህል የምነዘንዝህ ያለ ነገር አይደለም። ባለወፍጮውን ማህጁብን ታስታውሰዋለህ፣ መስከረም ላይ ናሙናውን «በጣም አስቸኳይ» ብዬ የላክሁልህን ሰውዬ። የሳንባ ነቀርሳ ነው። መድኃኒቱ ስምንት ወር ሳይቋረጥ ይዋጣል። ሰውዬው እሺ ያለኝ በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማንም እንዳያውቅበት። ወፍጮ ቤት እህልና ሴት የሚሰበሰብበት ቤት ነው። የሚያስል ሰው የፈጨውን ዱቄት ማን ይወስዳል? እኔም ቃል ሰጠሁት። ረመዳኑን ሙሉ ፀሐይ ስትጠልቅ በጓሮ በር እየመጣ ፊቴ ይውጥ ነበር። ያኔ ለሌሎች መተላለፉ እየቆመ እንደሆነ ነግሬዋለሁ፣ በወፍጮውም ላይ እየተጠነቀቀ ነው። ባለፈው ሳምንት ኢድ ሆኖ ልጁን ሥጋ አስይዞ ላከልኝ። ክብደቱም ሦስት ኪሎ ጨምሯል።

የሁለተኛ ወር ናሙናው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው። አደራህን።

አስረሳሽ


አሶሳ፣ ኅዳር 14 ቀን 1998 ዓ.ም.

እትዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሰሞኑን ሩጫ በዝቶብኛል። አጭር ስለሆነም አይቆጡኝ።

በመጀመሪያ የምሥራቹን ልንገርዎት። የቁጥር አርባ አንድ ናሙና ተመርምሯል፤ አልተገኘበትም! ሦስት ጊዜ አሳይቼዋለሁ። ለባለወፍጮው እንኳን ደስ ያለህ ይበሉልኝ።

ስለ መንገዱ የጻፉልኝ ሁሉ ትክክል ነው፤ ሦስተኛው እንደሚሻል እኔም አምኜበታለሁ። ለጊዜው ግን የመጀመሪያውን ከፍቼዋለሁ። ለጊዜው ብቻ። ከአዲስ አበባ እንግዶች ኅዳር ሃያ ይመጣሉ፤ አቶ ምንያህልም «ሲሠራ እናሳያቸው፣ ማሳመሩ ይደርሳል» አሉ። ትርፍ ኮምፒውተርም አልተገኘም። እንግዶቹ እንደሄዱ እመለስበታለሁ።

ስሙን ስለማስቀረት ያሉት ገጹን እንደ አዲስ መሥራት ስለሚጠይቅ እሱም ለዚያው ይቆይ። ማንም ዝም ብሎ አይገባም፤ የይለፍ ቃል አለው። የይለፍ ቃሉ በዚህ ሳምንት በኦፊሴል ደብዳቤ ይደርስዎታል። ደብዳቤውን ራሴ ነኝ ያረቀቅሁት፤ አቶ ምንያህል «ቆንጆ ጽፈሃል» ብለውኛል።

ስለ ምሳ የጻፉትን አላነበብኩትም።

ዱሬሳ


ኩርሙክ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1998 ዓ.ም.

ዱሬሳ፣

ኦፊሴል ደብዳቤህ ደርሶኛል። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ክብ ማኅተም አለው። በሁለተኛው አንቀጽ የተጠቃሚው ስምና የይለፍ ቃሉ በደማቁ ተጽፏል። ከግርጌው «ግልባጭ» ይልና አሥራ አንድ መሥሪያ ቤት ይቆጥራል። ለትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ለግብርና፣ ለገቢዎች፣ ለሴቶች ጉዳይ። የመጨረሻው «ለማስታወቂያ ሰሌዳ» ይላል። እኔም ያነበብኩት ከሰሌዳው ላይ ነው፤ የእኔ ቅጂ የደረሰኝ ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ቀን ነበር።

ማህጁብ ከቅዳሜ ወዲህ የለም።

የሆነውን በአጭሩ እነግርሃለሁ። አሶሳ ግልባጭ ከደረሳቸው ቢሮዎች በአንዱ የሚሠራ ሰው «እስቲ ልየው» ብሎ ከፈተው። የኩርሙክ ሰው ስም ሲያይ እዚህ ላለ ዘመዱ ነገረ። ዘመዱ ለሚስቱ ነገረ። ቅዳሜ ገበያ ላይ ሴቶቹ ማሽላቸውን እንደተሸከሙ በወፍጮ ቤቱ ደጅ አለፉ፤ አንድም አልገባችም። ያ ሰው «አልተገኘበትም» የሚለውን ማንበብ ትቶ ስሙን ብቻ ነው ያነበበው። ማህጁብ ማታውኑ ሞተሩን ሸፍኖ፣ ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ሱዳን ሄደ ይላሉ። መድኃኒቱን አልያዘም። ለእኔም አንድ ቃል አልተናገረም፤ ምን ብሎ ይናገረኝ? ቃል የገባሁለት እኔ ነኝ።

አሁን ደህና ነኝ ብሎ ካቆመው በሽታው ተመልሶ ሲመጣ እንደበፊቱ አይታከምም። ይህን አንተም ታውቃለህ።

ለምን እንደሆነ ጻፍልኝ። ሰላምታ ለመጻፍ ዛሬ ልቤ አልፈቀደልኝም።

አስረሳሽ


አሶሳ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 1998 ዓ.ም.

እትዬ አስረሳሽ፣

በቃሉ ሁለት ጊዜ መጥቶ ባዶ እጁን ሲመለስ ምን እንዳሰቡ መገመት እችላለሁ። ታመምኩ ብለው እንዲሰጉ አልፈልግም፤ አልታመምኩም። ሁለት ደብዳቤ ጽፌ ሁለቱንም ቀድጃቸዋለሁ። በመጀመሪያው ጥፋቱ የጸሐፊያችን የትህትና እንደሆነ ጽፌ ነበር። በሁለተኛው የአቶ ምንያህል። ሁለቱም ሲነበቡ ያምራሉ፤ እውነት ግን አይደሉም።

እውነቱ ይህ ነው። ደብዳቤውን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። ስለ ክትባት ዘመቻ የወጣ የቆየ ደብዳቤ ወሰድኩና ከላይ ያለውን ለውጬ ከታች ያለውን ግልባጭ እንዳለ ተውኩት። ትህትና «ይሄ ሁሉ ቦታ ይሄዳል?» ብላ ጠይቃኛለች። «አዎ፣ ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ ክብደት የለውም» አልኳት። እንዲህ ነው ያልኳት። የይለፍ ቃል ጻፍኩ፣ ማኅተም አስመታሁበት፣ ከዚያ ለአሥራ አንድ ቢሮ በተንኩት። ያን ቀን ደግሞ ኩራት ተሰምቶኝ ነበር።

ከዚያም በላይ አለ። እንግዶቹ እስኪሄዱ ጠብቁኝ ብላቸው ኖሮ አቶ ምንያህል እሺ ይሉኝ ነበር መሰለኝ። አልጠየቅኋቸውም። ቶሎ ሠራው መባሉን ወደድኩት። እርስዎ የነገሩኝን ሁሉ አንብቤ፣ ትክክል ነው ብዬ ጽፌልዎት፣ የተውኩትን መንገድ መልሼ የመረጥኩት ለዚህ ነው።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ቀን ያን በር ዘግቼዋለሁ። ለአቶ ምንያህልም ሁሉንም ነገርኳቸው። ከዚያ «ሪፖርት ላይ ጽፈነዋል እኮ» አሉ። እኔም «እንግዲያው ሪፖርቱም ይታረም» አልኩ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን ቀዝቅዟል።

ማህጁብን ይቅርታ ልጠይቀው እፈልጋለሁ። ደብዳቤ ብጽፍለት ያነቡለታል? ዐማርኛውን ካልቻለው በዐረብኛ የሚጽፍልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ወይስ ዝም ማለት ይሻለዋል? ምን ላድርግ፣ እትዬ?

ዱሬሳ


ኩርሙክ፣ ጥር 6 ቀን 1998 ዓ.ም.

ዱሬሳ ልጄ፣

እንኳን ለጌታችን ልደት አደረሰህ። በዓሉን ከእናትህ ጋር ባምባሲ አሳልፈህ ከሆነ ደስ ይለኛል፤ ቢሮ ውስጥ ተቀምጠህ ከሆነም አይገርመኝም። የአንተ ደብዳቤ ሲመጣ መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ቀጥሎ አለቀስኩ፣ ከዚያ ሥራዬን ቀጠልኩ። ጥፋትን በሰው ላይ ሳይለጥፉ መጻፍ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። በነርስነት ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ደብዳቤ አልደረሰኝም ነበር።

ማህጁብ ተገኝቷል። ለአረፋ ወደ ቤተሰቡ ተመለሰ። ሚስቱ በጓሮ በር መጥታ ነገረችኝ፤ ማሳል ጀምሯል። ሦስት ጊዜ ሰው ላክሁበት። ሁለት ጊዜ የለም አስባለ። በሦስተኛው «ለሲስተር ሰላም በሉ፤ ወረቀት ግን አልፈልግም» አለ።

ስለዚህ ደብዳቤ አትጻፍለት። በዐማርኛም በዐረብኛም። ወረቀት ነው የጎዳው፤ በወረቀት አይታረቅም። በሚመጣው መኪና ራስህ ና። ማኅተም ያለበት ነገር ይዘህ እንዳትመጣ። የምትናገረውንም እያጠናህ አትምጣ። የጠየቀህን መልስለት፣ ያልጠየቀህን ተወው።

አይሆንም ሊልህ ይችላል። እሱን ለማስገደድ ሳይሆን ፊት ለፊት ቆመህ ለመስማት እንደምትመጣ አውቀህ ና። ከእኔ ጋር ታድራለህ፤ ምሳም ትበላለህ።

አስረሳሽ


አሶሳ፣ የካቲት 13 ቀን 1998 ዓ.ም.

እትዬ፣

በሰላም ገብቻለሁ። የሰጡኝን በርበሬም እናቴ ወርቂቱ ተረክባለች፤ እኔንም አንገቴን አቅፋ አልለቅ አለች። ምን እንደነገሯት እንጃ።

ከተለያየን በኋላ «እዚያ ወፍጮ ቤት ውስጥ ምን ተባባላችሁ? አንድም ቃል ሳትነግረኝ መኪና ላይ ወጣህ» ብለው በበቃሉ ጽፈውልኛል። አሁን ልንገርዎት።

ሞተሩ አጠገብ ቁጭ አልን፤ እርስዎ ደጅ እንደቀሩ። ከዚያ «ስም የኔ ማን ነው የከፈተ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

«አለቃ አይደለም? ጸሐፊ አይደለም?»

«አይደሉም። እኔ ነኝ።»

«አንተ ታውቃለህ እኔ?»

«አላውቅህም። ስምህንና ቁጥርህን ብቻ ነበር የማውቀው። ሲስተር አስረሳሽ አደራ ብለውኝ ነበር፤ አደራውን አልጠበቅሁም።»

የሞተሩን ቀበቶ በእጁ እየነካካ «እዚህ ሰው ሁሉ ሌላ ሰው ነው ያደረገ ይላል። መንግሥት ነው ይላል፣ ማሽን ነው ይላል። አንተ እኔ ነኝ ትላለህ» አለ። ከዚያ «ኻላስ፣ በቃ» ብሎ ተነሣ። «ነገ እመጣለሁ፣ ጤና ጣቢያ። በፊት በር።» ይቅርታ አደረግሁልህ አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። እርስዎ በማግሥቱ መጥቶ መድኃኒቱን ሲውጥ ያዩት ከዚህ በኋላ ነው። ያቋረጠው ከሁለት ወር በታች ስለሆነ ከቆመበት መቀጠል እንደሚችል የጤና ጣቢያችሁ ሐኪም ሲነግሩን ያለቀሱትንም አይቻለሁ፤ አልነገርኩዎትም እንጂ።

አሁን ወደ ሥራው። የደጇ ኮምፒውተር ተተክላለች። አቶ ምንያህልን ሦስት ቀን ለመንኳቸው። በመጨረሻ «ስም ከዚህ ግቢ የሚወጣ ከሆነ እኔን ያዛውሩኝ» አልኩ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ተነሥተው ዕቃ ግምጃ ቤቱን በራሳቸው ቁልፍ ከፍተው «ያቺን አሮጌዋን ውሰዳት፤ ስትነሣ ትጮሃለች እንጂ ትሠራለች» አሉኝ። እውነትም ትጮሃለች።

እንዲህ ነው የምትሠራው። ከውጭ የሚመጣ ጥያቄ ሁሉ እሷ ጋ ይቆማል። ጠያቂው ከኩርሙክ ነኝ ካላት የኩርሙክን ብቻ ወደ ውስጥ ገብታ ታመጣለች፤ የባምባሲን ቢጠይቋት አላውቅም ትላለች። ወደ ውስጥ ስትገባ የሚሰጣት ቁጥርና ውጤት ብቻ ነው። ስም ጭራሽ አይደርሳትም፤ ስለዚህ አንድ ቀን ብትሰረቅ እንኳ የምትናገረው ነገር የላትም።

የይለፍ ቃሉን እዚያ ሳለሁ እንደ ጠየቁኝ አድርጌዋለሁ። ለያንዳንዱ ጤና ጣቢያ የተለየ ነው፣ በታሸገ ፖስታ በእጅ ይሰጣል፣ ግልባጭ የለውም። የጤና ባለሙያ ሲዛወር በርክክብ ቅጹ ላይ ከመድኃኒት ቁም ሣጥኑ ቁልፍ በታች አንድ መስመር ተጨምሯል፤ «የውጤት ይለፍ ቃል ተቀይሯል» ይላል። ካልተፈረመበት መሸኛ አይሰጥም። ይህ የእርስዎ ሐሳብ ነው፤ አቶ ምንያህል የእኔ መስሏቸው አመሰገኑኝ፣ እኔም የማን እንደሆነ ነግሬያቸዋለሁ።

ፖስታዎ በበቃሉ እጅ ነው። ከቀደዱት በኋላ ያቃጥሉት።

ዱሬሳ


ኩርሙክ፣ ግንቦት 14 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለዱሬሳ፣ ለልጄ፣

ሰላምታዬ ዛሬ ረጅም እንዲሆን ፈልጌ ነበር፤ ግን እጄ ወደ ዋናው ነገር ይሮጥብኛል። አንተ ደህና እንደሆንክ፣ እናትህ ደህና እንደሆነች፣ ያቺ የምትጮኸው ኮምፒውተርም ደህና እንደሆነች ተስፋ አደርጋለሁ። ሰማዩ ደመና መቋጠር ጀምሯል፤ መንገዱ ከመበላሸቱ በፊት ይህ ይድረስህ።

«ማሽኑ አስቸገረዎት ወይ?» ብለህ ነበር። ማክሰኞ ጄኔሬተሩ ሲነሣ አስቸግሮኛል፤ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ፣ በሦስተኛው ገባሁ። ማህጁብ ከጎኔ ወንበር ስቦ ተቀምጦ ነበር። አይሆንም ስለው «ናሙና የኔ ነው፣ እኔ ማየት አለበት» አለኝ። እውነቱን ነው። ገጹ ቀስ እያለ ወረደ። ስድስት ቁጥር ነበረበት። አርባ አንድን በጣቴ አሳየሁት፤ «አልተገኘበትም» ይላል። ማንበብ ስለማይችል ሦስት ጊዜ አስነበበኝ። «ሌላ ሰው ስም የት አለ?» አለኝ። የለም አልኩት። «የኔስ?» የአንተም የለም። ኮምፒውተሩን ዞሮ ከጀርባው ሳይቀር አየው። ከዚያ «አልሐምዱሊላህ» አለና ተነሥቶ ሄደ። መድኃኒቱ ገና ሁለት ወር ይቀረዋል፤ ተጨቃጭቄ ነግሬዋለሁ፣ እሺ ብሏል።

አሁን የቅዳሜውን ስማ። ገበያ ነበር። ሴቶቹ እንደለመዱት ማሽላቸውን ተሸክመው በወፍጮ ቤቱ ደጅ ሲያልፉ ማህጁብ ወጥቶ መንገዱ መካከል ቆመ። እኔ ከክትባት ስመለስ እዚያው ደረስኩ። ገና አፉን ሲከፍት ምን ሊል እንደሆነ ገባኝና ደነገጥኩ። እጁን ይዤ «ማህጁብ፣ ተው፤ ማንም አያውቅም ብዬሃለሁ፣ ቃል ሰጥቼሃለሁ» አልኩት።

«ሲስተር፣ አንቺ ዝም በል» አለኝ። «ቃል የሰጠው አንቺ ነው። እኔ ቃል አልሰጠም። የኔ ነገር ነው፤ እኔ ነው የሚናገር።»

ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረ። መጀመሪያ በራሳቸው ቋንቋ፣ ቀጥሎ ከደጋ ለመጡት ብሎ በዐማርኛ ተናገረ። «ሳል በሽታ ነበረብኝ። ስሜን ሌላ ሰው ተናገረ፣ እኔ ሸሸሁ። ዛሬ እኔ እናገራለሁ። መድኃኒት ዋጥኩ፤ ወላሂ፣ አሁን የለም፣ ማሽን ላይ በዓይኔ አየሁ። ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው ካለ አትደብቅ። እዚች ሴትዮ ጋ አምጣ። ስም አታወጣም።»

አንዲት አሮጊት ቁናዋን አወረደችና «ፍጭልኝ እንግዲህ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ» አለች። ሌሎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ግማሾቹ መንገዳቸውን ቀጠሉ፤ ግማሾቹ ከኋላዋ ተሰለፉ። እኔ እዚያው መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። አንተ አልነበርክም እንጂ ታለቅስ ነበር።

በቃሉ ዛሬ ሣጥኑ ከበደ ብሎ ሲያጉረመርምብህ እንዳትገረም። ከእሑድ ወዲህ አሥራ አራት ሰው አክታ ሰጥቶኛል። ሦስቱ በፊት በር ነው የመጡት፤ የቀሩት ገና በጓሮ ነው። ማንንም በየት ገባህ አላልኩም። ብልቃጦቹ ላይ ቁጥር ብቻ ጽፌያለሁ፤ ከስልሳ ሁለት እስከ ሰባ አምስት ነው። የአሥራ አራቱም ስም እዚህ በእጄ ጽሕፈት ተቀምጧል።

አደራህን፣ ቶሎ አሳይልኝ።

አስረሳሽ